የፍልሰታ ቋንጣ

ሥጋ ለማድረቅ የማይሆን ወር ቢፈለግ ከነሐሴ የባሰ የለም፤ የማይሆን አገር ቢፈለግም ከኮሶዬ የባሰ አይገኝም። አያ ስማቸው ሁለቱን አንድ ላይ አገኛቸው። በዚያ ላይ ጾመ ፍልሰታ ነው። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ ከወተት ርቆ በሚውልበት ሱባኤ፣ የእሱ ጓሮ ላይ አንድ ሙሉ በሬ ተዘልዝሎ በገመድ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ እርጥብ እንጨት ይጨሳል፤ ከላዩ ዝናብ ይወርዳል።

ሚስቱ አየለች ከቅዳሴ ስትመለስ ሽታው ከደጃፏ እስክትደርስ አይጠብቃትም። ገና ከአስፋልቱ ወርዳ ወደ ቤታቸው የሚያስገባውን ቀጭን መንገድ ስትይዝ ይቀበላታል። መጀመሪያ የሚመጣው የባሕር ዛፉ ጭስ ነው፤ ጉንፋን የያዘው ሰው የሚታጠነው ዓይነት፣ ዓይን የሚቆጠቁጥ። እሱስ ባልከፋ። ከእሱ ኋላ ግን ሌላ ይመጣል፤ የረጠበ፣ ጨው ጨው የሚል፣ ወደ ጣፋጭነት የሚያደላ። እሷን የሚገድላት ይኸው ጣፋጭነቱ ነው። የሚገማ ነገር ቢገማ ወግ ነው፤ ግማት ሲጣፍጥ ግን አንጀት ይገለብጣል። ከቅዳሴ መልስ ምራቅ መትፋት ነውር ነው ተብላ ያደገች ናትና፣ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጠቅልላ፣ አፏ የሞላውን ምራቅ እየዋጠች ትገባለች።

ነገሩ የጀመረው ሱባኤው በገባ ሰሞን ነው። ዳልቻ የሚባል በሬ ነበራቸው። አያ ስማቸው ከጥጃነቱ ያሳደገው፣ ራሱ ጠምዶ እርሻ ያስተማረው፣ ፉጨቱን ሲሰማ ከመንጋው ተነጥሎ የሚመጣ በሬ ነው። ጉም አገሩን ደፍኖት በዋለ አንድ ቀን በገደሉ አፋፍ የበቀለውን ለምለም ሣር እየተከተለ ሄደ። ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየ በሬ እየተባለ ሲተረት የኖረው በአያ ስማቸው ደጅ እውነት ሆነ። አፈሩ ከእግሩ ሥር ከዳው። እስከ ታች አልወረደም፤ መሐል ላይ አንዲት እርከን ያዘችው፤ የፊት እግሮቹ ግን ተሰብረዋል። አያ ስማቸው በመቀመጫው እየተንሸራተተ ወርዶ፣ ነፍሱ ሳትወጣ ደረሰና፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ በስመ አብ ብሎ አረደው። በክት አልሆነም፤ ይህንን ወርደው የረዱት ጎረቤቶች ሁሉ አይተዋል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። በሬው ገደል የገባበት ሰው ብቻውን አይተውም፤ ጎረቤት እንደ ቅርጫ ተከፋፍሎ ይወስድለትና ለሌላ በሬ መነሻ ያገኛል። በፍልሰታ ግን ማን ሥጋ ይዞ ቤቱ ይገባል? ጎረቤቶቹ በሬውን በገመድ ጎትተው አወጡት፣ ገፈው አወራረዱት፣ እጃቸውን በሣር ጠራረጉና "እግዜር ይተካ" ብለው ተበተኑ። ጎንደር ያሉት ሥጋ ቤቶች ዘግተዋል። ሙስሊም ጎረቤት ቢኖር እንኳ ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። የሚበላው የጠፋ ሥጋ ደግሞ የሚጣል ነው።

አያ ስማቸው ሌላ አሰበ። ጾሙ የሚፈታው ነሐሴ አሥራ ስድስት ነው፤ በዚያው ቀን የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ተራው የእነሱ ነው፤ ማኅበርተኛው ሁሉ ከቤታቸው ይመጣል።

"ቋንጣ አደርገዋለሁ" አለ። "ዳልቻን ማኅበርተኛው ይበላዋል። ለጅብ አልሰጠውም።"

በክረምት ቋንጣ የሚሠራበት መላ ደጋው ያውቃል። ሥጋው ቀጥኖ ይዘለዘልና ከቤት ውስጥ፣ ከምድጃው በላይ፣ ከጣራው ማገር ይንጠለጠላል፤ ሙቀትና ጭስ ቀስ እያሉ ያደርቁታል። በዚህ ሥራ ደግሞ ከኮሶዬ እስከ አምባ ጊዮርጊስ የአየለችን እጅ የሚያህል የለም። እሷ የዘለዘለችው ቋንጣ ወደ ፀሐይ ቢያነሡት ብርሃን ያሳልፋል ይባልላታል። ከእጇ በልቶ ሆዱን የታመመ ሰው የለም። ይህንን እሷም ታውቃለች፤ ሰው ማወቁንም ስለምታውቅ ደስ ይላታል።

አየለች ግን እምቢ አለች።

"በፍልሰታ? ከእመቤቴ ሥዕል ፊት ለፊት? ሥጋና እኔ በሱባኤ አንድ ጣራ ሥር አናድርም።"

"ይንጠልጠል እንጅ ብይው አልተባልሽ። ምን አለሽ?"

"ስቡ ከድስቴ እየተንጠባጠበ ሽሮ ልሠራ ነው? ከቤቴ አይገባም። እጄንም አላስነካም።"

አላስነካችም። ባልና ሚስቱ ልጆቻቸው ጎጆ ከወጡ ወዲህ ቆራቢ ሆነዋል፤ በየፍልሰታው ሥጋ ወደሙን ይቀበላሉ። አየለች ይህንን ከሁሉ አስበልጣ ትይዘዋለች። በሱባኤ ቅቤ የነካውን ድስት እንኳ ከቤት አታሳድርም፤ የጎረቤት ሴቶች በዚህ ያሟታል፤ እያሟትም ያከብሯታል። ስለዚህ ሥጋው ወጣ።

አያ ስማቸው ራሱ ዘለዘለው፤ ዘለዘለው ከተባለ። በወጣትነቱ ቆላ ወርዶ መተማ ሰሊጥ ሲያጭድ፣ ሥጋ ጠዋት ተሰቅሎ ማታ እንደ ጠፍር ሲደርቅ አይቷል። የቆላው ፀሐይ ወፍራሙንም ቀጭኑንም አንድ አድርጎ እንደሚያደርቅ እንጂ፣ ደጋ ላይ ሥጋ ካልቀጠነ እንደማይደርቅ አላሰበም። እንደ ክንዱ የወፈረ እንደ ክንዱ እየቆረጠ፣ ጨው በእፍኝ ሚጥሚጣ በእፍኝ ነሰነሰበት። ከጓሮው የባሕር ዛፍ ምሰሶ ተክሎ ገመድ ወጠረ። ከላዩ አሮጌ ሸራና የማዳበሪያ ጆንያ ገጣጥሞ ዘረጋ። ከሥሩ እሳት አነደደ።

እሳት ይባል እንጂ እሳት አልነበረም። ነሐሴ ላይ ኮሶዬ ውስጥ ደረቅ እንጨት ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው። ያለው ትናንት የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ነው፤ ከነቅጠሉ። አይነድም፣ ያለቅሳል። ከጫፉ ቢጫ አረፋ እየደፈቀ ይጨሳል። ጭሱም ወደ ላይ አይወጣም፤ ጉሙ ከላይ ስለሚጫነው መሬት ለመሬት ተንፏቅቆ በአየለች በር ይገባል። ከቤቴ አይገባም ያለችው ሥጋ በየቀኑ በጭስ ሆኖ ይገባባት ነበር። ሽሮዋ ያንኑ ሸተተ፣ ነጠላዋ ሸተተ፣ የራሷ ፀጉር ሸተተ።

ዝናቡም አላረፈም። ሸራው ሆዱ እየተነፋ ውሃ ያጠራቅማል፤ ሲሞላ በአንድ ጥግ ይደፋል። የተደፋው ውሃ በሥጋው ላይ ይወርድና ጨውንና ሚጥሚጣውን አጥቦ፣ ከጥቀርሻው ጋር ተደባልቆ፣ አተላ የመሰለ ዝቃጭ ሆኖ ከእንጨቱ ላይ ይንጠባጠባል። አያ ስማቸው ይነሣና እንደገና ጨው ይነሰንሳል። እንደገና ይዘንባል። አንድ ቀን በረዶ ወርዶ ሸራውን መሐል ለመሐል ቀደደው። እሱ ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ነው፤ ቀዳዳውን በላስቲክ ደፍኖ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ጃንጥላውን ይዞ ከጭሱ አጠገብ ተቀመጠ።

"አያ ስማቸው" አለው ጎረቤቱ አለነ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ፣ "እያጨስኸው ነው እያጠብኸው?"

"እየደረቀ ነው" አለ አያ ስማቸው። "ሸጋ እየሆነ ነው።"

ሸጋ! አየለች ከቤት ሆና ይህን ስትሰማ አላስችል አላት። እጇን ላለማስነካት የበቆሎ አገዳ ይዛ ወጣች፤ አያ ስማቸው ውሃ ሊቀዳ ሲሄድ ጠብቃ ሥጋውን ጫን ጫን አደረገችው። ላዩ ጠቁሯል፤ ያብረቀርቃል። አገዳው እንደ እርጥብ ሳሙና ተንሸራተተበት። አንዱን ዝልዝል ከሌላው ስትለየው ላጥ ብሎ በክር በክር ተሳበ፤ የተነካኩበት ቦታ አረንጓዴ ሆኗል። በዚያ ብርድ ዝንብ ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቅ፤ ብቻ መጥቷል፤ መጥቶም የጤፍ ፍሬ የሚያህል ነጭ ነገሩን በየስርጉዱ ጠቅጥቆታል። አንዳንዱ ተፈልፍሏል። አየለች አገዳውን ወርውራ ቤት ገባች። ምሳዋን አልበላችም። በማግስቱም ሽሮው ውስጥ የተከተፈውን ሽንኩርት ስታየው ነጭ ሆኖ ተንቀሳቀሰባት መሰላትና ሳህኑን ገፋችው።

"ትል ይዞታል" አለችው ማታ።

"አይቸዋለሁ። በስንደዶ እየለቀምሁ አወጣዋለሁ። ጭስ ሲሰማው ይሞታል።"

"ተበላሽቷል እኮ፣ ስማቸው።"

"ጭስ የገባው ሥጋ አይበላሽም። ላዩ ነው እንዲያ የሚመስል።"

"እስቲ ቅመሰው።"

"በፍልሰታ?" አለ፤ እውነትም ደንግጦ።

የክፋቱ ክፋት ይኸ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ከጫፉ ቆንጠር አድርጎ ምላስ ላይ ማድረግ ነገሩን ይጨርሰዋል። በሱባኤ ግን አንድ ሙሉ በሬ ተሰቅሎ የሚቀምሰው ሰው በአገሩ የለም። አየለች አሰበችና "ውሻ ጾም የለበትም" አለች። ጠዋት አያ ስማቸው አንድ ጉማጅ ቆርጦ ለውሻቸው ጣለለት። ውሻው አሸተተው፣ አስነጠሰው፣ ጭራውን በእግሮቹ መሐል አድርጎ ከጎተራው ሥር ገብቶ ተኛ።

"ጠግቦ ነው" አለ አያ ስማቸው።

"ምን በልቶ? እኛ በሽሮ ውለን እያደርን ውሻው ምን አግኝቶ ይጠግባል?"

አያ ስማቸው ጨው ሊያመጣ ሄደ።

እያደር እሱና ሥጋው አንድ ሆኑ። ጢሙም፣ ጋቢውም፣ ሲናገር ትንፋሹም ያንኑ ይሸታል። እሳቱ እንዳይጠፋ ብሎ ቅዳሴ ማስታጎል ጀመረ። አንድ እሑድ ሲሄድ ወንዶቹ ቀስ ቀስ እያሉ ሸሹትና በዙሪያው አንድ ላም የሚያስተኛ ባዶ ቦታ ተከፈተ። አየለች ከሴቶቹ በኩል ሆና አየች፤ አፈረች። ሲመለሱም ከሽታው ለመሸሽ እርምጃዋን አፍጥና ቀደመችው። ቤት ስትደርስ መኝታውን አውጥታ ከበሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ አነጠፈችለት። አያ ስማቸው መደቡን አየ፣ እሷን አየ፣ ጋቢውን ይዞ ከመደቡ ወጣ።

ቤት ውስጥ ከሁለቱ ሌላ አንዲት ነፍስ ነበረች፤ የልጅ ልጃቸው ብሌን። እናቷ ፅዮን ጎንደር፣ ማራኪ የሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይታ የምትሠራ ናትና ክረምቱን ከአያቶቿ ዘንድ እንድትከርም አምጥታታለች። አራት ዓመቷ ነው፤ ጾም ገና አልደረሰባትም፤ ወተቷን ትጠጣለች። ጭሱ ሲገባ አፍንጫዋን በሁለት ጣቷ ይዛ "እማማ፣ አባባ ሸተተ" እያለች ትስቃለች። አየለች እንዳትስቅ ትቆጣታለች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሱባኤው ሊያልቅ አንድ ቀን ቀረው። በማግስቱ ማኅበርተኛው ይመጣል። አየለች ያን ቀን ቅዳሴ ላይ ቆማ ጸሎቱን አልሰማችም። ዓይኗ በየሴቱ ፊት ላይ ነበር። ይህች ነገ ከእጄ ትበላለች፤ ይህችም ነፍሰ ጡር ናት፣ ትበላለች፤ እነዚያ ሽማግሌም ይበላሉ ትላለች። እኔ አላቀርብም ብትል እሱ ያቀርበዋል፤ በዓይኑ አላመነ፣ በአፍንጫው አላመነ፣ በውሻው አላመነ። የእሷ ቤት ነው፣ የእሷ ሌማት ነው፤ ሰው የሚጎርሰው የአየለች እጅ ነው ብሎ ነው።

ከሰዓት በኋላ በዝናብ ተመለሰች። ቤቱ ባዶ ነው። ከጓሮ የልጅ ድምፅ ስትሰማ ነጠላዋን ሳታወልቅ ዞረች። አያ ስማቸው ከጆንያው ሥር ቁጢጥ ብሏል፤ ብሌን ጭኑ ላይ ተቀምጣለች። ፍም ላይ አንዲት ጉማጅ ጠብሶ፣ በጣቱ ይዞ እፍ እፍ እያለ ያበርዳታል። የልጅቱ አፍ ተከፍቷል። ሁለት ጣቷ አፍንጫዋን ይዘዋል።

አየለች አልጮኸችም። ሄዳ የእጁን አንጓ ያዘችው።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ጾም የለባት። ትንሽ ቀምሳ ትንገረን ብየ ነው። ነገ ሰው ይመጣ የለም?"

"ትል ያለበትን ሥጋ? ለብሌን?"

"ትሉን አውጥቸዋለሁ" አለ።

ይህን ሲል እንደ ቁም ነገር ነበር፤ እንደ ጥንቃቄ ነበር። አየለችን ከዚያ ሁሉ ሽታ ይልቅ ይህ ቃል አንገሸገሻት። ከዚህ ሰው ጋር ስንት ዘመን ኖራለች፤ እንደዚያ ቀን ግን ተጸይፋው አታውቅም። ጉማጇን ከእጁ ነጠቀችና ልጅቱን "ግቢ ቤት፣ ልብስሽን ቀይሪ" አለቻት። ብሌን ሮጠች።

"ምነው እንዲያ ታይኛለሽ?" አለ አያ ስማቸው ከተቀመጠበት። ድምፁ መጀመሪያ ቁጣ ነበረው። "ማን ነው ያስወጣው? ከምድጃሽ በላይ ብሰቅለው፣ በእጅሽ ብትዘለዝይልኝ፣ ዛሬ ደርቆ ሸጋ አልነበረም? አንች ለጽድቅሽ ብለሽ ዝናብ ላይ ጣልሽው። እኔ የማውቀውን ያህል ሠራሁ።" ከዚያ ቁጣው ተሰበረ። "የበላነው እንጀራ ሁሉ ከዳልቻ ትከሻ አይደል የመጣው? እንደ ውሻ ሬሳ ገደል ልስደደው? ሰው ቢበላው እኮ ሞተ አይባልም ብየ ነው።"

ዓይኑ ያለቅስ ነበር። ጭሱ ነው እንዳትል ጭሱ በዚያች ሰዓት ወደ ሌላ በኩል ይነፍስ ነበር።

አየለች ጉማጇን ቁልቁል አየች። እውነቱን ነው። ንጹሕ ነኝ ብላ ያስወጣችው ሥጋ ነው ዞሮ የልጅ ልጇ ከንፈር ላይ የደረሰው። አፈረች፤ እፍረቱ ግን መጸየፏን አልቀነሰላትም። ጉማጇ እጇ ውስጥ ትሞቃለች፤ ስቧ በጣቶቿ መሐል ይወርዳል።

"እኔ ብቀምሰው ታምነኛለህ?" አለችው።

"ጾም ነው።"

"ታምነኛለህ ወይ ነው ያልሁህ።"

አያ ስማቸው ቀና ብሎ አያት። "የአንችን ምላስስ አምናለሁ" አለ ቀስ ብሎ።

ልታማትብ እጇን አነሣችና ተወችው፤ ለዚህ የእመቤቴን ስም መጥራት አልሆነላትም። ጎረሰች። መጀመሪያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቀጥሎ ጨው። ላዩ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ያንገራግራል። ጥርሷ ሲያልፍ ግን ውስጡ ለብ ብሎ፣ ልም ብሎ ተከፈተ፤ ከመንገድ ጀምሮ ስትሸሸው የከረመችው ጣፋጭነት አፏን ሞላው። ከድዷ ገባ፣ ከላንቃዋ ተለጠፈ። እንዲያያት ብላ አኘከች። አንድ ጊዜ፣ ሌላ ጊዜ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከፍሙ ላይ አስመለሰች። ከቅዳሴ መልስ ምራቋን እንኳ ተፍታ የማታውቅ ሴት፣ ጠበሉንም ሥጋውንም አንድ ላይ አመድ ላይ ደፋችው። ከሸራው ጫፍ በሚወርደው ውሃ አፏን ተጉመጠመጠች፤ እሱም ያው ጥቀርሻ ነበር።

ስትቃና አያ ስማቸው ቆሞ ነበር።

"ስማቸው" አለችው፤ "ዳልቻ ሞቷል።"

አያ ስማቸው ራሱን ነቀነቀ። ገመዱን ከምሰሶው ፈታ።

ሥጋውን ከማዳበሪያ ጆንያ ከተቱት። እጄን አላስነካም ያለችው አየለች በሁለት እጇ እየዘገነች ከተተች፤ እየተንሸራተተ አላስይዝ ሲላት ከደረቷ አስደግፋ ያዘችው። ጆንያውን አንዱን ጫፍ እሱ፣ አንዱን እሷ ይዘው፣ እስኪያልቅ እየተመላለሱ፣ ዳልቻ ሲያርሰው ወደኖረው ማሳ ወረዱ። ከጆንያው የሚንጠባጠበው ውሃ ባቷን ይዞ ጫማዋ ውስጥ ገባ። ሁለት ጊዜ ቆማ ፊቷን አዞረች፤ ጆንያውን ግን አልለቀቀችም። ከማሳው ዳር ቆፍረው ቀበሩት፤ ጅብ እንዳያወጣው ድንጋይ ጫኑበት።

በማግስቱ ጠዋት፣ በፍልሰታዋ ቅዳሴ ላይ፣ ቆራቢዎች ሲጠሩ ሴቶቹ ለአየለች መንገድ ለቀቁላት። አልተነሣችም። ከወንዶቹ በኩል አያ ስማቸውም አልተነሣም። የንስሐ አባታቸው ቄስ ወልደ ዮሐንስ መስቀላቸውን ይዘው ዞር ብለው አዩና አለፉ።

ማኅበርተኛው ረፋድ ላይ መጣ። ሱባኤ የፈታ ሰው እንዴት እንደሚርበው የታወቀ ነው። ጠላው ቀረበ፣ ዳቦው ተባርኮ ተቆረሰ፣ ከዚያ አየለች ቅቤ የገባበት ሽሮና እርጎ ይዛ ወጣች። ሰዉ ሽሮውን አየ፤ እርስ በርሱም ተያየ።

"ሥጋውስ የታለ፣ አያ ስማቸው?" አለ አለነ እየሳቀ። "ጭሱን ሱባኤውን ሙሉ በልተነዋል፤ ሥጋው ለማን ቀረ?"

ሳቅ ሆነ። አያ ስማቸው ሊመልስ ጠላውን አስቀመጠ። አየለች ቀደመችው።

"አይበላም" አለች። "እኔ ቀምሸዋለሁ። ከቤቴ አላስገባም ብየ ያበላሸሁትም እኔው ነኝ።"

"መቼ ቀመስሽው?" አሉ ቄስ ወልደ ዮሐንስ።

"ትናንት፣ አባ።"

ሳቁ ቆመ። ትናንት ምን ቀን እንደነበረ እዚያ ቤት የማያውቅ የለም። አለነ ዋንጫውን ይዞ ቀረ። ነፍሰ ጡሯ ሴት እጇን ከሆዷ ላይ አደረገች።

"የንስሐውን በኋላ እንነጋገራለን" አሉ ቄስ ወልደ ዮሐንስ። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። "አሁን ሽሮሽን አቅርቢው። እኛ የምንበላው እጅሽን አምነን ነው።"

አቀረበች። ሁሉም መብላት ሲጀምር የቀረው ክፍት ቦታ ከአያ ስማቸው አጠገብ ብቻ ነበር፤ ጋቢው ቢታጠብም ሰዉ ሸሽቶታል። አየለች ሄዳ ከጎኑ ተቀመጠች። ሽታው እንዳለ ነው፤ ያ ጣፋጭነት። ምራቋን ዋጠች። ከዚያ ጠቅልላ አጎረሰችው።